ሦስት ጊዜ የተቀዳው የሩዝ ወሬ

ወረታ በሠራሁባቸው ዓመታት ከግብርና ባለሙያነቴ በተጨማሪ የመሥሪያ ቤቱ ቪዲዮ ቀራጭ እኔ ነበርኩ። የተማርኩት ነገር ኖሮ አይደለም። ከደብረ ብርሃን ተዛውሬ በመጣሁ ሰሞን ካሜራውን ስከፍት አይተውኝ "አንቺ ታውቂበታለሽ" ተባልኩ፣ በዚያው ቀረ። ሚሊኒየሙ ሊገባ ሲል ጥሩ ማይክሮፎንና የድምፅ ማመጣጠኛ ሚክሰር ተገዛልን። የምናሳያቸው ፊልሞች ድምፅ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል እየተባልን ስንወቀስ ስለከረምን ደስ አለኝ።

መጀመሪያ ዕቃውን ይዤ የሄድኩት ቁሐር ሚካኤል ወደሚባል የገጠር ቀበሌ ነው። እዚያ ሩዝ ወደ ሜዳው ሲመጣ ቀድመው ከዘሩት አንዱ የሆኑ ሽማግሌ ነበሩ፤ ኃላፊዬ የእሳቸውን ታሪክ ቀርጬ እንዳመጣ አዘዘኝ። የሚክሰሩ ገመድ ጫፍ ወፍራም፣ ባለ ሦስት እግር መሰኪያ ነው፤ የካሜራው የማይክ ቀዳዳ ደግሞ የእርሳስ ጫፍ የምታክል። ከሱቅ ያገኘሁትን ማገናኛ በማገናኛ ላይ ቀጣጥዬ ሰካሁት። ገባ። ከገባ የሚሠራ መስሎኝ ጆሮ ማዳመጫ እንኳ አላደረግኩም።

ያን ቀን ሽማግሌው እንዴት አወሩ። ውኃ ስለሚተኛበት ከጓያ በቀር ምንም በማያበቅል ማሳቸው ላይ ሲዘሩ ጎረቤት እንደሳቀባቸው፣ አባታቸው "የወፍ ቀለብ አልበላም" ብለው እንዳኮረፉ፣ በኋላ ግን ሩዙን ከድስቱ ሥር ተደብቀው ሲጠርጉ ምራታቸው እንደያዘቻቸው። አባታቸውን ሲያወሩ ድምፃቸውም አንገታቸውም ይለወጣል። ተሰብስቦ የሚሰማው ሰው በሳቅ እንባው መጣ።

ቢሮ ገብቼ ካሴቱን ስከፍተው የሰማሁት ቆርቆሮ ሲቀደድ ነው። አንድ ቃል አይለይም።

"አዲስ ዕቃ እኮ ነው፤ ምን አደረግሽው?" አለኝ ኃላፊዬ።

ገመዱን ገበያው አጠገብ ወደሚሠሩት ሬዲዮ ጠጋኝ ወሰድኩት። ሰውዬው ገመዱን አገላብጠው አዩና "እህቴ፣ ሚክሰሩ የሚሰጠው ኃይለኛ ድምፅ ነው፤ ካሜራው የሚጠብቀው ደግሞ ደካማ። በጭልፋ የሚቀዳለትን በባልዲ ደፋሽበት" አሉኝ።

"ካሜራው ላይ ብቀንሰውስ?"

"አንዴ ተቀድዶ ከገባ ምን ይቀነሳል? የተቀደደውን ቀስ አድርገሽ ትሰሚዋለሽ እንጂ።"

ድምፁን የሚያዳክሙ ጥቃቅን ሬዚስተሮች ገመዱ ውስጥ በየዱልኝ።

ሁለተኛው ጉዞ ክረምት ገብቶ፣ ሜዳው ረግርጎ ነው። መንደሩ መብራት ስለሌለው መኪናው ከቆመበት የመሥሪያ ቤቱን ጄኔሬተር በሰው አሸክመን፣ እኔ ሚክሰሩን በላስቲክ ጠቅልዬ አቅፌ፣ ጭቃው ጫማዬን እያወለቀው ደረስን። አሁን ጆሮ ማዳመጫ አደረግኩ። ድምፁ አልተቀደደም። ከሥሩ ግን "እምምም" የሚል ነገር አለ፤ እሳቸው ዝም ባሉ ቁጥር ካሜራው ራሱ ድምፁን እያነሳ ጉምጉምታውን ያገንነዋል። የጄኔሬተሩ ጩኸት መስሎኝ ከአጥር ውጭ አስወጣሁት። አልጠፋም። ገመዱን ነካካሁ፣ ነቅዬ ሰካሁ።

"አባባ፣ እባክዎ ከመጀመሪያው።"

"ኸየቱ? ኸማረሱ ነው ኸመሳቁ?"

"ከማረሱ።"

አራተኛ ጊዜ ሳስቆማቸው ከበርጩማቸው ተነሡ። "አንቺ ልጅ፣ እኔ በሬ ነኝ? ባንድ ትልም ላይ ስንት ጊዜ ትመልሽኛለሽ?" ብለው ወደ ቤት ገቡ። ገመዱን ጭቃው ላይ ወረወርኩት። ወዲያው ደግሞ አንስቼ በቀሚሴ ጠረግኩት፤ ሌላ የለንማ።

ጠጋኙ ታሪኩን ሰምተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። "ካሜራውም ሚክሰሩም እዚያው ጄኔሬተር ላይ ነበሩ?"

"አዎ።"

"ሁለቱ ካንድ ጄኔሬተር ሲጠጡ ነው የሚጎመጉመው፤ ካሜራውን በባትሪ አድርጊው።"

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

"ያን ጊዜ ምነው አልነገሩኝም?"

"መቼ ጠየቅሽኝ?"

ሦስተኛውን ቀጠሮ ያገኘሁት ሚስታቸውን ለምኜ ነው። የካሜራው ባትሪ አርጅቶ ቶሎ ስለሚያልቅ እየተጣደፍኩ የሚክሰሩን ገመድ ሰካሁና ካሜራውን ከጄኔሬተሩ ነቀልኩ። ጉምጉምታው ተቆርጦ እንደወደቀ ጠፋ። ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ከአጥሩ ወዲያ ላም ሣር ስትነጭ ይሰማኛል።

"ይንገሩን፣ አባባ።"

"ሩዝ መጣ። ዘራነው። በቀለ። በላነው።"

"አባትዎስ? ምን አሉ?"

"ምን ይላሉ? እሳቸውም በሉ።"

"የድስቱንስ ነገር..."

"እሱን ነግሬሽ የለም?"

ባትሪው እስኪያልቅ ለመንኳቸው። ከዚያ ያለፈ አንድ ቃል አልወጣቸውም።

ፊልሙ በከተማው አዳራሽ ሲታይ ኃላፊዬ "ይህ ነው ድምፅ" እያለ ጨበጠኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ሽማግሌውም ተጠርተው መጥተው ነበር። ካለቀ በኋላ ጠሩኝና "ምነው እንዲህ ኩርፍ ያልሁ ሰው አስመሰልሽኝ?" አሉኝ።

"ያስኮረፍኩዎት እኔ ነኝ፣ አባባ።"

"አውቃለሁ" አሉና አግዳሚው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ።