ሦስት የሲሚንቶ ሽማግሌዎች

ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት እንዳይበር የምጭንበት የአንበሳ ጥርስ አለ። እንዳትደነግጡ፤ የሲሚንቶ ነው። አውራ ጣት ያክላል፤ ቢጫ ቀለሙ ተልጧል። መዳፌ ውስጥ ሲሞቅ ያቺ ቅዳሜ ትሸተኛለች፦ እርጥብ ሲሚንቶ፣ ቤንዚን፣ የሚጠበስ ሥጋ።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በማግሥቱ የአንድ የባንክ ሠራተኛ ሽማግሌዎች አባቴ ዘንድ ሊመጡ ቀጠሮ ይዘዋል። ሰውዬው እንከን የለውም፤ ችግሬም ይኸው ነበር። እንከን ከሌለው ሰው ጋር ዕድሜ ልክ ምን ይወራል? ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር፣ በራችን ላይ ግን ሌላ ሰው ፒካፕ ተውሶ መጥቶ ጥሩምባ ይነፋል። ለየንግድ ቤቱ ደጃፍ የሲሚንቶ እንስሳት የሚሠራ ልጅ ነው፤ ከተዋወቅን ስድስት ወር ሆኖናል።

"የተደበቀ ሀብት አለ። ፈልገሽ ካገኘሽው ያንቺ ነው" አለኝ።

"ካላገኘሁትስ?"

"የባንኩ ሰውዬ ይፈልግልሻል።"

ገና ስቀመጥ ጥቁር ቀሚሴ በሲሚንቶ አቧራ ነጭ ሆነ። መጀመሪያ የቆምነው ችግኝ የሚሸጡ አዛውንት ደጃፍ፣ አንዲት ቀጭኔ ፊት ነው። ሲሚንቶ አልቆበት አንገቷ አጥሯል። ስለ ውበት ብዙ አንብቤያለሁ፤ እሷን የሚያስረዳ መጽሐፍ ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ጅራቷ ላይ የታሰረው የክብሪት ቤት ውስጥ "ሀና ማርያም፤ ጎማ የተሸከመችው ሥር" የሚል ወረቀት ነበር። አዛውንቱ ጠጋ ብለው፣ "ልጄ፣ ሰው ሲጠይቀኝ አህያ ናት እላለሁ። ለእሱ እንዳትነግሪው" አሉኝ።

ሀና ማርያም፣ የጎሚስታው በር ላይ እውነተኛ ጎማ ያዘለች ኤሊ ተኝታለች። ጎሚስታው ጎማ እየፈታ ያማርራል። "ኤሊ ሠርቶልኝ ደንበኛው ሁሉ 'ፍጥነትህ እንደሷ ነው እንዴ?' ይለኛል!" ከሆዷ ሥር ሁለተኛው ወረቀት ወጣ፦ "ፉሪ። አፉን ክፈቺ።"

ፉሪ፣ አንድ ሥጋ ቤት በር ላይ የሠራው አንበሳ አፉን ዘግቶ ጠበቀን።

"ደፈንኩት" አለ ባለ ሥጋ ቤቱ። "ሰካራም ሁሉ ሲጋራ እያጎረሰው አስቸገረኝ።"

"መቼ?" አለ የኔው ሰው፤ ፊቱ ሲሚንቶ መስሏል።

"ትናንት።"

ከፒካፑ መዶሻና መሮ አወጣሁ። ባለ ሥጋ ቤቱ "በሕግ አምላክ! ገና መቀባቱ ነው!" ሲል፣ ተመጋቢዎቹ ቢላቸውን እንደያዙ ወጡ። "እህቴ፣ የቱን ጥርሱን ነው ያመመው?" አለ አንዱ። በሦስተኛው ምት ጥርሱ ተፈናጥሮ እግሬ ሥር ወደቀ፤ የክብሪት ቤቱም ተከተለ። ወረቀቱ በእርጥቡ ሲሚንቶ ርሶ ጽሑፉ ሰማያዊ ነጠብጣብ ሆኗል።

"ምን ብለህ ነበር የጻፍከው?"

ጆሮው ቀላ። "ሰው ለአባትሽ ሽማግሌ ይልካል። እኔ እዚህ አገር የምልከው ዘመድ የለኝም። ሦስቱን... እንስሶቼን ነው የላክሁት።"



"እነዚህ አይናገሩም" አልኩት። "የሚናገር ላክ። ዛሬውኑ።"

መጀመሪያ ፒካፑ ላይ የወጣው ባለ ሥጋ ቤቱ ነው፤ ነጭ ጋዋኑን እንኳ አላወለቀም። በመጣንበት ተመልሰን ጎሚስታውን ከነግራሶው፣ አዛውንቱን ከነጭቃ ቦቲያቸው ጫንን።

አባቴ ሦስቱን አስቀምጦ "ልጁ ሥራው ምንድን ነው?" ሲል ከጓዳ ሰማሁ።

"አንበሳ ይሠራል" አለ ባለ ሥጋ ቤቱ።

"ኤሊም" አለ ጎሚስታው።

አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አህያም።"

አባቴ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። የባንኩ ሽማግሌዎች በማግሥቱ ሲመጡ ተቀድመው ነበር።

ከዚያ በኋላ በፉሪ ባለፍን ቁጥር ባሌ "ጥርሱን ስጪኝ፣ ልግጠምለት" ይለኝ ነበር። "ጠፋ" እለዋለሁ። እሱ ከማይገልጣቸው መጻሕፍቴ ጀርባ ደብቄው ነበር። መንገዱ ሲሰፋ አንበሳው ፈረሰ፤ ባሌም ካረፈ ሁለት ክረምት አለፈ። ጥርሱን አውጥቼ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጥኩት ያኔ ነው። ከማን እደብቀዋለሁ?