ያልሄድኩት ሃያ እርምጃ

ትእዛዙ የደረሰን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። «ኮረብታውን ያዙ፤ እስከ ነገ ረፋድ እንዳትለቁ።» ዘጠኝ ነበርን፤ የጓዱ መሪ እኔ። ከላይ ሆነን ስናይ የጨፋ ሸለቆ ወለል ብሎ ይታያል። ማሽላው ደርሶ የሚሰበስበው አጥቷል።

የተማመንነው በአንድ መትረየስና በአራት ሳጥን ጥይት ነው። ተኳሹ ጀማል የጨፋ ሮቢት ልጅ ነው፤ ሳቂታ፣ እጁ የማይሰስት። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ጫማዬን አውልቄ፣ ውሃ የቋጠረ እግሬን ዘርግቼ፣ ከተቀመጥኩበት ጮህኩ።

«የጎደለው አለ?»

«ሙሉ ነን!»

«ጀማል?»

«አብሽር አስር አለቃ!»

ልቤን ጥዬ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። የመትረየሱ ምሽግ ቢርቅ ሃያ እርምጃ ነው። ተነስቼ በዓይኔ አላየሁም። ደግሞስ በሰው ፊት «ጎደለኝ» የሚል ወንድ እኛ አገር የት አለ? ይህን እያወቅሁ እንደዚያ ጠየቅሁ፤ እኔ ደደብ!

ንጋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ መጡብን። ሁለት ጊዜ መለስናቸው። በሦስተኛው መትረየሱ ዝም አለ። በደረቴ ተስቤ ደረስኩ። ሳጥኑ ሁለት ብቻ፣ ሁለቱም ባዶ።

«ሌላውስ?»

«ትናንት ገና ስንደርስ ለጎረቤት ጓድ ሰጠኋቸው። አለቀብን ብለው ለመኑኝ። ወላሂ፣ እያለኝ የለኝም ልበል እንዴ?»

«ገደልከን!» አልኩት። ክላሹን አነሳና «እናንተ ውረዱ» አለ። ወረድን። እሱ ቀረ።

ዘጠኝ ወጥተን አምስት ወረድን። የመቶ አለቃው «መትረየሱ ለምን ዝም አለ?» ሲለኝ፣ «ተኳሹ ሳያስፈቅድ ጥይት ሰጥቶ» አልኩ። እንደዚያው ተጻፈ። ውሸት አልነበረም። የሞተ ሰው ግን አይከራከርም፤ እኔ አመለጥኩበት።

ዛሬ ከሚሴ የመብራት መስመር ጠጋኞችን እመራለሁ። ምሰሶ ከመውጣታቸው በፊት ቀበቷቸውን አንድ በአንድ በእጄ እጎትታለሁ። ዘሃራ የምትባለው ሠራተኛዬ ትስቅብኛለች። «አብሽሩ ጋሼ፣ ደህና ነው አልኩዎት እኮ! ዛሬም አያምኑኝም?»

«አንቺንስ አምንሻለሁ፤ እኔን ነው የማላምነው» እላታለሁ።

አምና ጨፋ ሮቢት፣ የጀማል አባት ቤት ሄድኩ። «አባባ፣ ልጅዎ ጥይት ሰጥቶ አስፈጀን ብዬ አስጽፌበታለሁ። ሳላይ የቀረሁት ግን እኔ ነኝ። አውፍ ይበሉኝ» አልኳቸው።

«ለምነውት ነው የሰጠው?»

«አዎ፣ ለምነውት።»

«አልሃምዱሊላህ» አሉ፤ እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። «አውፍ ብያለሁ። አንተም ሂድና ለጻፉት ንገራቸው።»

ሄጄ ጠየቅሁ። የመቶ አለቃው በሌላ ግንባር ሞቷል። ወረቀቱ የት እንደገባ የሚያውቅ ሰው አጣሁ።

እንግዲህ ለእናንተ ልንገር። በዚያ ኮረብታ ላይ አራት ሰው ቀርቶብናል። አንድ ቀን ወረቀቱ ቢገኝ፣ ጥፋቱ ጀማል ላይ ተጽፎ ታነቡ ይሆናል። ተነስቶ ሃያ እርምጃ ያልሄደው ግን እኔ ነኝ።