ሀያቱ ስልኳን ትታ የወጣችበት ጠዋት

ሞያሌ ውስጥ ዝም ብሎ የሚሄድ ሰው የለም። የሚሄድ ሰው ወይ ድንበሩን ተሻግሮ ዕቃ ሊያመጣ ነው፣ ወይ ፍየል ሊሸጥ ነው፣ ወይ ለቅሶ ሊደርስ ነው። ስለዚህ ሀያቱ በማለዳ ባዶ እጇን በሄሉ ሰፈር በኩል ወደ ዱሩ ስትወጣ የታየች ዕለት፣ ያያት ሁሉ አንገቱን አዞረ። በሞተር ሰው የሚያመላልሱት የቦዳቦዳ ልጆች ሞተራቸውን እያስጓሩ ከበቧት።

«ማማ፣ ተፈናጠጪ! ሀምሳ ሽልንግ ብቻ!»

«የትም አልሄድም።»

«የትም በእግር አይደረስም፣ ማማ! ሠላሳ ክፈይና እናድርስሽ!»

ሳቁባት። እሷም በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና አለፈች።

ሀያቱ ገበያው ጥግ ሻሽና ሽርጥ የምትሸጥ ሴት ናት። ከኢትዮጵያ በኩል ተሻግራ እዚህ ኬንያ በኩል የቀረችው ገና ሙሽራ ሳለች ነው። ባሏ መሐዲ ከሞተ ቆይቷል። የነበራት አንድ ልጅ አዩብ ነበር፤ እሱም በደላላ እጅ ወደ ደቡብ አፍሪካ ጉዞ ጀመረ። መጨረሻ የደወለላት ከታንዛኒያ ነው። «እማ፣ ነገ እንሻገራለን፤ እንደደረስኩ እደውላለሁ» አላት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ረመዳን ጾማለች። ስልኳ የደንበኛና የዘመድ ድምፅ ያመጣል፤ የእሱን አያመጣም።

በወጉ እንኳ አላዘነችም። ለማን ይታዘናል? ሞተ ያላት የለ፣ አለ ያላት የለ። ቁርአን አልተቀራለት፣ ሰው ተሰብስቦ አላጽናናት። ጎረቤቱ መጀመሪያ ሰሞን «ወሬ አለ?» ይላት ነበር፤ ውሎ አድሮ መጠየቁን ተወው። እሷም እንቅልፍ አጣች፤ ምግብ ጠላች። ደረቷ ላይ ድንጋይ የተጫነባት ይመስል አየር ሲያጥራት ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ ሲስተር ሮዛ ወላጆቿ በስደት የመጡ ኢትዮጵያውያን ናቸውና በአማርኛ አነጋገረቻት።

«ደምሽ ደህና ነው፣ ልብሽም ደህና ነው። እናቴ፣ ያንቺን በሽታ በኪኒን አልችለውም።»

«ታዲያ ልሙት?»

«ሂጂ።»

«ወዴት?»

«በእግርሽ ሂጂ ነው የምልሽ። ጠዋት ጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ። ከዚያ ሰው የማይደርስበት ቦታ ፈልጊና ቁጭ ብለሽ ትንፋሽሽን አዳምጪ።»

«ቁጭ በይ ለማለት ነው ይሄን ሁሉ ሰልፍ ያስጠበቅሽኝ?» አለች ሀያቱ። ግን ሌላ የሚሞከር ነገር ስላልነበራት በማግስቱ ወጣች።

ሰው ስለ እሷ የሚያወራውን ያመጣችላት ጡሪ ናት። ጡሪ የግመል ወተት የምትሸጥ የቦረና ሴት ናት፤ የሁለቱ በር ትይዩ ነው። አዩብ ያደገው ግማሹን ቀን እሷ ግቢ እየዋለ፣ ወተቷን እየጠጣ፣ ቦረንኛዋን እየለመደ ነው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ገሚሱ ጠንቋይ ቤት ትመላለሳለች ይላል፤ ገሚሱ ለኮንትሮባንድ ሰዎች መንገድ ትሰልላለች ይላል።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«እኔማ ባል አገኘች አልኩ!» ጡሪ በራሷ ቀልድ ሳቀች። «ስሚኝ፣ ጄሪካን ያዢ። ጄሪካን የያዘችን ሴት ማን ወዴት ነሽ ይላታል?»

እውነቷን ነበር። ሀያቱ ቢጫ ጄሪካኗን አንጠልጥላ መውጣት ስትጀምር ጠያቂው ሁሉ ዝም አለ። ባዶውን ይዛ ስትመለስ ደግሞ «ዛሬም ውሃ የለም?» እያሉ ያዝኑላት ነበር።

ያገኘችው ቦታ ከሄሉ ቤቶች ወዲያ ያለ ደረቅ ወንዝ ነው። ዳርቻው ከፍ ያለ ነው፤ ታች አሸዋው ላይ አንድ ግራር አለ፤ ሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ። እዚያ ስትወርድ የጭነት መኪናው ጩኸት ይቆማል፤ የገበያው ጫጫታ ይቆማል። ስልኩም ይቆማል። እንደ ድንበር ሰው ሁሉ ስልኳ ውስጥ አንድ የኬንያ፣ አንድ የኢትዮጵያ ሲም አለ፤ ወንዙ ውስጥ ግን ሁለቱም ይጠፋሉ። ሀያቱ ተቀምጣ ሳትሞቅ ተነስታ ዳርቻው ላይ ትወጣለች፤ ስልኩን ወደ ሰማይ ታነሳለች፤ ኔትዎርኩ ሲመጣ ታያለች፤ የደወለ የለም፤ ተመልሳ ትወርዳለች። ስትሄድ ከነበረችው የበለጠ ደክሟት ትመለስ ጀመር።

ይህን ለሲስተር ሮዛ ብትነግራት፣ «ስልኩን ይዘሽማ ገና ከቤትሽ አልወጣሽም፤ ለምታምኚው ሰው ስጪው» አለቻት።

ከጡሪ በቀር ማንን ታምናለች? «ከጮኸ አንሺው» አለቻት፣ ስልኩን በሁለት እጇ እየሰጠቻት። «ማንም ይሁን ማን፣ አንሺው።»

«ከወተቴ በላይ እጠብቀዋለሁ» አለች ጡሪ፤ ጡቷ ሥር ወሸቀችው።

ከዚያ ወዲህ ነው ሀያቱ የተሻላት። ግራሩ ሥር ተቀምጣ ትንፋሿ ሲወጣና ሲገባ ታዳምጣለች። ወፎች አሸዋውን ሲጭሩ ታያለች። ደረቷ ላይ ያለው ድንጋይ አልወረደም፤ ግን ትንሽ ተንሸራተተ። ማታ ማታ እንቅልፍ ይወስዳት ጀመር። አንድ ጠዋት ፀሐይዋ ጉልበቷ ላይ ስትደርስ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ስለ አዩብ አንድም ሳታስብ መቆየቷን አወቀች። ደነገጠች። ድንጋጤው ሲያልፍ ደግሞ እፎይ አለች።

በዚያው ጠዋት ነው የተደወለው።

ስትመለስ ጡሪ መንገዱ መሀል ቆማ አገኘቻት። የወተት ዕቃዎቿን ያለጠባቂ ትታቸዋለች። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ደወለ» አለች።

«ማን?»

«እኔ እንጃ፣ ሀያቱ። እኔ እንጃ።»

ሀያቱ ጄሪካኑን አስቀመጠች። «ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።»

ቦረና ዘንድ «ነጋ?» ተብሎ ሰላም ሳይጠየቅ የሰው ማንነት አይጠየቅም። ማነህ ብሎ መጀመር ደጅ የቆመን እንግዳ እንደ ሌባ ማየት ነው፤ ነውር ነው። ጡሪ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ነውር ሠርታ አታውቅም።

«ሀሎ ሲለኝ ሻሽ የሚወስድልሽ የማርሳቢቱ ነጋዴ መሰለኝ» አለች። «ነጋ? አልኩት። ነጋ አለኝ። ሰዉ ሰላም ነው? ሰላም። ግመሉ ሰላም ነው? ሰላም። ፍየሉስ? ሰላም። መንገዱስ ሰላም ነው ስለው ዝም አለ። ዝም ብሎ ቆየና ሰላም አለ። ዝናቡስ አልኩት...»

«ዝናቡስ?»

«እዚህ ሁሌ ይዘንባል አለኝ።»

ያን ዓመት ማርሳቢት ዝናብ አልነበረም፤ ሞያሌም አልነበረም።

«ያኔ ነው ልቤ የመታው» አለች ጡሪ። «ማነህ ልል አፌን ስከፍት ተቋረጠ። ሒሳቡ አልቆበት ነው መሰለኝ።»

«በቦረንኛ ነው የመለሰልሽ?»

«በቦረንኛ። አንዱንም ሳይስት፣ እንደ ቤት ልጅ።»

«ድምፁስ? ድምፁን አታውቂውም እንዴ?»

«መስመሩ ይንኮሻኮሻል። ድምፁ የትልቅ ሰው ነው። ያስለው ነበር፣ ሀያቱ።»

ሀያቱ ቁጥሩን አየችው። የኬንያም የኢትዮጵያም አልነበረም። መልሳ ደወለች፤ አንዲት ሴት በማታውቀው ቋንቋ በተቀዳ ድምፅ ተናገረች። ቋንቋው ባይገባትም ስልኩ ዝግ ነው ማለቷ ገባት። ደግማ ደወለች። ከሰዓት በኋላም ደወለች፤ በማግስቱም ደወለች። ያችው ሴት ናት።

«ስደቢኝ» አለች ጡሪ በሦስተኛው ቀን፣ በሯ ላይ ቆማ። «ተጣዪኝ። ወተቱን ድፊብኝ።»

«ምን ብዬ ልስደብሽ? ሰላም ነው ወይ ብለሽ ጠየቅሽው እንጂ ምን አደረግሽው?»

ይህን ስትል ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ጡሪን ያስለቀሳትም ይኸው ነው።

ሀያቱ መውጣቱን ተወችው። ድንጋዩ ደረቷ ላይ ተመለሰ፤ ሌሊቱ እንደ ድሮው ረዘመ። ጡሪ ዓይኗ እያየ ጓደኛዋ ስትከሳ መታገሥ አልቻለችም። አንድ ጠዋት ወተቷን ሳታወጣ መጣችና እጇን ይዛ ጎተተቻት። «ዳርቻው ላይ ስልኩን ይዤ እቆማለሁ። አንቺ ውረጂ። ከጮኸ እጮኻለሁ።»

ሄዱ። ጡሪ ኔትዎርኩ የሚያልቅበት ጫፍ ላይ ስልኩን ከፍ አድርጋ ቆመች። ሀያቱ ወርዳ ግራሩ ሥር ተቀመጠች፤ ዓይኗን ጨፈነች። ትንፋሿን ልታዳምጥ ሞከረች፤ የምትሰማው ግን ሳል ነው። ወፏ ስትጮህ ስልክ መሰላት። ነፋሱ ግራሩን ሲነካው የጡሪ ድምፅ መሰላት። ብድግ አለች። ዳርቻውን ስትወጣ ጡሪ ሳትጠየቅ «የለም» ስትል ራሷን ነቀነቀች።

«አሁን አይደል እንዴ የወረድሽው! ትንሽ ቆዪ እንጂ፣ የኔ እህት።»

«ይበቃኛል» አለችና ስልኩን ተቀብላ ከፊት ከፊት ሄደች።

ዳግመኛ አልወጣችም። አሁን ሱቋ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ትውላለች። ስልኩ ሲጮህ ዘመድም ይሁን ደንበኛ፣ ሰላምታ ሳታስቀድም «ማነህ?» ትላለች፤ እሱ ሰላም ነሽ ወይ ሲል አቋርጣው «ማነህ? ቶሎ ንገረኝ» ትላለች። ሰዉ ተቀየማት። ምን አደረግኋት አለ፣ ኮራች አለ። የማርሳቢቱ ነጋዴ ሻሹን ከሌላ ይወስድ ጀመር፤ ዘመዶቿም መደወሉን ቀነሱ። እሷም ስልኩን እየደጋገመች ታበራዋለች፤ ባትሪውን ታያለች፤ ኔትዎርኩን ታያለች። ሁሉም ደህና ነው። የሚደውል ብቻ ጠፋ።