የገናን ዶሮ የባረከው ሰው

የፈላ ውሃ የነካው የዶሮ ላባ ዛሬም ሲሸተኝ፣ ትዝ የሚለኝ ድግሱ ሳይሆን የአቃቂው ቤታችን የቆርቆሮ በር ነው። በጃንሆይ ጊዜ አባቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። በዓል ሲደርስ «በስመ አብ» ብሎ ዶሮውን የሚባርከው እሱ ነበር፤ ቢላውን ሌላ ሰው ሲነካበት አይወድም፤ እናቴ ደግሞ ሴት ናትና ማረድ አይፈቀድላትም ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ፣ በክረምቱ፣ የፈትል መኪናው የአባቴን ቀኝ እጅ ከአንጓው ቆርጦ አስቀረው። ለእንቁጣጣሽ በግራው ልረድ ብሎ ቢሞክር፣ ዶሮው አንገቱ በወጉ ሳይቆረጥ አምልጦ፣ ግቢውን ደም በደም እያደረገ ሲሮጥ ጎረቤት ሳቀ፣ ሥጋውም ለውሻ ተጣለ። ከዚያ ወዲህ አባቴ ቤት ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናግሮ አያውቅም።

የነቢያት ጾም ከገባ ጀምሮ እናቴ ስለ ገናው ዶሮ ትጨነቅ ነበር። የገና ዕለት ማለዳ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን አባቴ ጋደም ሲል፣ ዶሮውን አቅፋ፣ ቢላውን ለእኔ አስይዛ በሩ ላይ ቆመች፤ ወንድ የሌለው ቤት ሲቸግረው አላፊ አግዳሚውን የሚለምነው እንዲህ ነበርና። ከሌሊት ተራው የሚመለስ፣ ካፖርት የደረበ ዘበኛ መጣ።

«ወንድሜ፣ እባክህ ባርክልኝ» አለችው።

«ጋሼ የሉም እንዴ፣ እትዬ?»

ወደ ቤት ዞር ብላ አየችና፣ «የለም። ወንድ የለንም» አለችው።

የባሏን ገመና ለመንገደኛ ላለማውራት ብላ ነው፤ ክፋት አልነበራትም። አባቴ ግን ነቅቶ መስኮቱ ሥር ቆሞ ነበር።

ወጡ ሲቀርብ ለአባወራ የሚገባውን ብልት አውጥታ ፊቱ አደረገችለት። በግራ እጁ ገፋ አደረገውና፣ «ላረደው ሰው ስጪው» አለ። ከዚያ በኋላ ገና በመጣ ቁጥር ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ቀጥታ ወደ ቤት አይመጣም ነበር። ዶሮው ታርዶ እስኪያልቅ ወንዙ ዳር ብቻውን ተቀምጦ ይቆይ ነበር፤ እናቴ በር ላይ ስትጠየቅ እንዳትዋሽ።

ዛሬ የገናን ዶሮ የምገዛው ታርዶና ተገነጣጥሎ ነው። ባሌ ቢላ ጨብጦ አያውቅም፤ በዚህም የሚያፍርበት ሰው የለም። እናቴን አልወቅሳትም። የሚቆጨኝ የራሴ ነው፤ አጠገቧ ቆሜ ሳለሁ «አባዬ ቤት ነው» ብል ምን ነበረበት?