ጽዋው ያለፈው ደጅ

መካነ ሰላም ውስጥ ከሱቄ ፊት ለፊት የሚኖረው ቢሻው የታሪክ መምህር ነው። ሌላው ደመወዝ ሲቀበል ጫማ ይገዛል፤ እሱ ስለ ጥንት ባቢሎንና ከነዓን የተጻፈ መጽሐፍ ከደሴ ያስመጣል። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ስለ ዳዊት መዝሙር ግን ከእኔ ጋር ያወራውን ያህል ከቄስ ጋር አላወራም። ምነው ወሬው በእኔና በእሱ መካከል በቀረ።

ሚስቱ ንግሥቴ ከደጎሎ ተድራ የመጣች፣ እዚህ አንድ ዘመድ የሌላት ሴት ናት። ዘመዶቿ የጽዋ ማኅበርተኞቹ ናቸው። ስትወልድ ያረሷት፣ ልጇ ሲሞት አብረዋት ያለቀሱት እነሱ ናቸው። በየወሩ ማኅበሩ ሲያበቃ ጽዋው በጧፍ ታጅቦ ወደ ቀጣዩ ተረኛ ቤት ይሄዳል። የእሷ ተራ ተቃርቦ ነበር።

በዚህ መሀል አንዱ ማኅበርተኛ፣ ቄሱ አባ አምላኩ በተቀመጡበት፣ ቢሻውን ጠየቀው። ዳዊት እግዚአብሔር በአማልክት መካከል ቆሞ ይፈርዳል ሲል አማልክቱ እነማን ናቸው? ቢሻው አፉን መያዝ አያውቅም። የጥንት ከነዓናውያን አማልክቶቻቸው ሸንጎ ይቀመጣሉ ብለው ያምኑ ነበር፤ መዝሙሩ ያንኑ ሸንጎ አቁሞ ለድሀና ለብቸኛ አልፈረዳችሁምና ትሞታላችሁ ይላቸዋል አለ። አምላክ አንድ ብቻ ነው ማለቱ ነበር። ወሬው ገበያ ሲደርስ ግን “አማልክት ብዙ ናቸው አለ” ሆነ።

ተራዋ ደረሰ። ንግሥቴ ጠላ ጠምቃ፣ ድፎ ጋግራ፣ ጧፍ አብርታ ደጅ ቆመች። ማኅበርተኞቹ ጽዋውን ይዘው መጡ፤ አባ ከፊት ናቸው። ደጇ ሲደርሱ አንዳቸውም ቀና አላሉም። አልፈው ከእሷ ቀጥላ ተረኛ የነበረችው ሙሉሐረግ ቤት ገቡ። ለካ ቀድመው መክረዋል።

ወላሂ ወጥቼ ልሳደብ ነበር፤ ባለቤቴ ሀጀራ ያዘችኝ። ሄደን ድፎውን እኛው ቆረስነው። ንግሥቴ “ብሉ” አለችን እንጂ አልቀመሰችም።

አመሻሹ ላይ አባ አምላኩ ግራ ቀኝ እያዩ ገቡ። ሰው መኖሩን ሲያዩ ደነገጡ፤ እኔና ሀጀራ መሆናችንን ሲለዩ ተረጋጉ።

“ቢሻው ልጄ፣ የተናገርኸው ነውር የለበትም። እኔ ገብቶኛል።”

“ታዲያ ለምን ዝም አሉ አባ?”

“ሰው ተቆጥቷል። ይለፍ ብዬ ነው።” ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “እዚህ መምጣቴን ግን ለማንም እንዳታወሩ።”

ከዚያ መስቀላቸውን አውጥተው ወደ ንግሥቴ ዘረጉ። ድምፃቸውን ስትሰማ እጇ ሊጥ እንደነካ እንኳ ሮጣ የምትሳለም ሴት ናት። ያን ዕለት የተረፈውን ጧፍ በጨርቅ እየጠቀለለች ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። የአባ እጅ እንደተዘረጋ ቆየ።