መደብ ላይ የተኛው ባሌ

በካንሰር ምክንያት አንድ ጡቴ ሲቆረጥ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላኝም ነበር። ከደሴ ሐኪም ቤት ወጥቼ ሐይቅ ከተማ ቤቴ የገባሁ ዕለት ባሌ አልጋውን ለእኔ ለቆ፣ ፍራሽ ዘርግቶ መደቡ ላይ ተኛ። «ቁስልሽን እንዳልነካብሽ» አለ። እሺ፣ ደግ። ቁስሉ ዳነ፤ የረገፈው ፀጉሬም በቀለ። እሱ ግን ከመደቡ አልወረደም።

እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው ልብሴን እቀይራለሁ፤ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ዐረብ አገር ሳለሁ በስልክ ሲያሽኮረምመኝ የነበረ ሰው! ተጸይፎኛል አልኩ። ወላሂ፣ ከካንሰሩ ይልቅ እሱ አንገበገበኝ። ደግሞ መድኃኒቱ ገላዬን አድርቆት ነበርና፣ ቢነካኝስ ያመኝ ይሆን እያልኩ እፈራለሁ።

ለክትትል ደሴ ስንሄድ ሚኒባሱ ውስጥ እንደ ባዳ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ነርሷ መርምራኝ «ሌላ ጥያቄ አለሽ?» አለችኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ እሱ ባለበት አፍረጠረጥኩት።

«ባልና ሚስት አብሮ መተኛት ተከልክሏል እንዴ? ይኼ ሰውዬ መደብ ላይ ሊያረጅ ነው!»

ባሌ ላብ በላብ ሆነ። «እኔማ» አለ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ጎረቤቶቹ ‹ከነካሃት በሽታው ይነሳባታል› ብለውኝ ነው። እሷም ጀርባዋን ስትሰጠኝ ጠልታኛለች ብዬ...»

«እኔ? አንተን?» ጮህኩ።

ነርሷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ በመተቃቀፍ የሚነሳ ካንሰር እንደሌለ፣ ለድርቀቱም ማለስለሻ ቅባት እንዳለ፣ ሳንቸኩል እየተነጋገርን እንድንሞክር ነገረችን። «አብሽሩ!» ብላ ሸኘችን።

ቤት እንደገባን ፍራሹን ከመደቡ ጎትቼ ጣልኩት። መብራቱን ሳላጠፋ ፊት ለፊቱ ቆሜ ልብሴን አወለቅኩ። «እየኝ» አልኩት። አየኝ። ጠባሳዬን በጣቱ ጫፍ ዳሰሰው።

«አያምሽም?»

«ሲያመኝ እነግርሃለሁ።»

አለቀስን፤ ከዚያ ሳቅን። ሁሉም ነገር በአንዴ አልተቃናም። ሲያመኝ «ቆይ» እለዋለሁ፣ ይቆያል። ሲያሰኘኝ ደግሞ አላፍርም፣ «ና» እለዋለሁ።

በማግስቱ ፍራሹን አጥሩ ላይ ሰቀልኩት። ያ ሁሉ አዋቂ ጎረቤት ይየው ብዬ ነው! መደቡ ላይ አሁን ሽንኩርት ይተኛበታል።