ስክሪኔን ሳልቆልፍ የተነሳሁ ቀን

ለንደን፣ ካምደን ሰፈር ያለው መሥሪያ ቤት ከገባሁ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። የምንሠራባቸው ኮምፒዩተሮች በሙሉ ሊኑክስ በሚባለው ሲስተም የሚሠሩ ናቸው፤ ሁሉም የራሱን እንደሚመቸው ያስተካክላል። እኔ በየደቂቃው የይለፍ ቃል መጻፍ ስለሰለቸኝ፣ ስክሪኑ ሳይነካ ሲቆይ በራሱ እንዳይቆለፍ አድርጌው ነበር።

ሻይ ላፈላ ሄጄ ስመለስ ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ሁሉም አቀርቅሮ ይሠራል፤ ግን ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። የመሥሪያ ቤቱን የመልእክት ግሩፕ ስከፍት በእኔ ስም እንዲህ ተጽፏል፦ «ነገ ለሁላችሁም የሚበላ ይዤ እመጣለሁ።»

አጠገቤ የምትቀመጠው አየርላንዳዊት፣ በዕድሜ ከሁላችንም የምትበልጠው ሴት፣ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች።

«እዚህ ቤት ስክሪኑን ከፍቶ የሄደ ሰው ያበላናል። አትጨነቅ፣ አንድ ካርቶን ዶናት ይበቃል» አለችኝ።

ቶተንሃም ሰፈር ያለው ቤቴ ስገባ ነገሩን ለእናቴ እንደ ቀልድ አወራኋት። እናቴ ከአዲስ አበባ እኔ ጋ ከመጣች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ቀን ቀን ብቻዋን ናት፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ካልሄደች በቀር የሚያጫውታት ሰው የለም። ወሬዬን ስጨርስ አልሳቀችም።

«ስንት ናችሁ?»

«አሥራ አራት።»

«ታዲያ ከሱቅ ገዝተህ ልትወስድ ነው? እናት የለውም እንዴ አይሉም?»

ጫማዋን አድርጋ ወጣች። ሰቨን ሲስተርስ ካለው ገበያ ምስርና ቃሪያ ገዝታ ተመለሰች፤ ጾም ስለነበር ሥጋ አይታሰብም። ጠዋት ስነሳ ሁለት ትልልቅ ትሪ ሳምቡሳ በፎይል ተሸፍኖ ጠበቀኝ። ባቡር ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ስሄድ፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ ዓይኑን ከፎይሉ አልነቅልም አለ።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አለቀ። አለቃችን ሦስተኛውን ሲያነሳ «ይህ ልጅ ስክሪኑን እንዳይቆልፍ ትእዛዝ ይውጣ» አለ።

እኔ ግን ከሰዓት በኋላ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ፣ አንድ ደቂቃ ካልነካሁት ስክሪኑ ጠፍቶ ወዲያው እንዲቆለፍ አደረግኩ። አየርላንዳዊቷ አየችኝና «በረሃብ ልትገድለን ነው» አለች።

ቤት ስደርስ እናቴ በሩን ከፍታ ቆማለች። ማን ምን እንዳለ፣ ማን ስንት እንደበላ አንድ በአንድ አስወራችኝ።

«መቼ ነው ደግሞ የምትረሳው?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ከእንግዲህ ብረሳም ችግር የለም እማዬ። በራሱ ይቆለፋል።»

«ማን ቆልፍ አለው?»

«እኔ ነኛ።»

«ታዲያ አትቆልፍ በለዋ።»

ውስጡ የብዙ ደንበኞች ስምና አድራሻ እንዳለ ነገርኳት።

«የሰው አደራ ካለበትማ ይቆለፍ» አለች። ፊቷ ግን ቅዝዝ ሲል አየሁ፤ አንጀቴን በላችው።

በማግስቱ ይህንኑ ለአየርላንዳዊቷ አጫወትኳት። «እኛ ለምን እናትህ ጋ አንሄድም?» አለች። ቅዳሜ ሁለት ባልደረቦቻችንን አስከትላ መጣች። እናቴ በአማርኛ «ግቡ፣ ግቡ» እያለች ተቀበለቻቸው። እንግሊዝኛዋ ከሰላምታ ብዙም አያልፍም፤ ግን እጃቸውን እየያዘች የሳምቡሳውን አጠቃለል አሳየቻቸው። አየርላንዳዊቷ የጠቀለለችው ሁሉ ዘይት ሲነካው እየተፈታ ምስሩ ድስቱ ውስጥ ተበተነ። እናቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«እጇ ጎበዝ ነው፣ ችኮላዋ ነው የሚያበላሽባት በልልኝ» አለችኝ።

ተረጎምኩላት። «ባሌም ይህንኑ ነው የሚለኝ» ብላ እሷም ሳቀች።

አሁን አየርላንዳዊቷ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ባልኖርም ትመጣለች። እንዴት እንደሚግባቡ አላውቅም፤ በስልክ ያስተረጉማሉ፣ በእጅ ያሳያሉ፣ የቀረውን በሳቅ ይሞሉታል። ባለፈው ሳምንት ጸጉሬን ተቆርጬ ስመለስ ሁለቱም ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የእናቴን የድሮ ፎቶዎች ያያሉ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሳህን ባዶ ነው።

«አስቀምጠንልህ ነበር፤ ቆየህብን» አለችኝ እናቴ።